የጋሽ ብረቱ በር

ጋሽ ብረቱ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ እያለከለኩ ሲወጡ ከላይ ከምትወርደው የወንድማቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በብየዳ የገፉ፣ በስተርጅና የከተማው ምክር ቤት አባል የሆኑ ሰው ናቸው። እሷ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ናት፤ በቅርቡ የተቋቋመውን የወጣቶች ምክር ቤትም ትመራለች። ይህ ምክር ቤት የወጣቱን ችግር እያጠና ማዘጋጃ ቤቱን የሚያማክር ሲሆን፣ ጋሽ ብረቱ መቋቋሙን የሰሙ ዕለት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» ብለው ስቀው ነበር።

«እንደምን አመሹ ጋሼ? ዛሬ በወጣት ማእከሉ ላይ ድምፅ ትሰጣላችሁ አሉ።»

«እንሰጣለን ልጄ። ማእከሉ ተዘግቶ መጋዘን ይሆናል። ምን እናድርግ? ወጣቱ ተቸገረ ሲባል ሠራን፣ መጻሕፍት አስገባን። በሩን በእነዚህ እጆቼ ነው የበየድኩት! ታዲያ ማን ገባበት? ቦዘኔው ሁሉ አጥሩ ሥር ተደርድሮ ያመሻል እንጂ።»

«አይቀየሙኝና ጋሼ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖባችሁ ነው።»

«በስተርጅና ኩበት ለቃሚ አደረግሽኝ በይ!» ጋሽ ብረቱ ቀልድ ይወዳሉና ቁጣው ሳቅ ሆኖ ወጣ።

«ማእከሉ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«መሥሪያ ቤት ሲከፈት ነዋ። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ይዘጋል።»

«ወጣቱስ በዚያን ሰዓት የት ነው?»

«ትምህርት ቤት... ሥራ...» አሉ። ሽማግሌ ግን በአንድ ጥያቄ አይረታም። «ሰበብ ነው! የፈለገ ሰው መንገድ አያጣም።»

«መንገድስ አላጡም። ስብሰባው እስኪጀመር ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

ማእከሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ነው። ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ በሩ ተቆልፏል፤ ግቢው ውስጥ ለጥበቃ የሚበራው አምፖል ብቻ ቦግ ብሏል። ጋሽ ብረቱ እነዚያን «ቦዘኔዎች» ሁልጊዜ ከመንገዱ ማዶ ነበር የሚያዩዋቸው። አሁን ግን ቀረብ ብለው አዩዋቸው።

ወጣቶቹ የተደረደሩት ብርሃኑ በበሩ ብረቶች መካከል ሾልኮ በሚወድቅበት ቦታ ነው። ግራሶ የነካው ቱታ የለበሰ የጋራዥ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ያነባል። አንዲት ልጅ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሒሳብ እየሠራች ለጓደኞቿ ታስረዳለች። የብረቶቹ ጥላ በየደብተሩ ላይ ተጋድሟል፤ ጥላው ያረፈበት ደብተሩን ፈቀቅ ያደርጋል፤ ብርሃኑን ያገኘ ደግሞ ለሌላው ቦታ ይለቃል። የሚገፋ የለም፤ የሚጮህም የለም።

ጋሽ ብረቱ ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው ብዙ ትልልቅ ነገር አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላዩም። ያንን ብረት እንዲያ አቀራርበው በመበየዳቸው ሲኮሩ ኖረው፣ አሁን እያንዳንዱ ዘንግ ዓይን ውስጥ እንደገባ ጉድፍ ቆረቆራቸው።

«ለምን አትናገሩም ነበር?» አሉ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው።

«ማን ጠይቆን ጋሼ? ይኸው ምክር ቤት ሲኖረን ተናገርን።»

በስብሰባው ላይ ጋሽ ብረቱ ቀድመው ተነሡ። «ጌቶቼ፣ እኛ ለልጆቻችን ቤት ሠርተን ሰዓቱን ለራሳችን አደረግነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ሁለተኞቹ ልጆቹ ናቸው፤ እንስማቸው» አሉ። ወዲያው የወንድማቸው ልጅ ወጣቶቹ ያጠኑትን አስረዳች። መጋዘኑ ቀረ፤ የማእከሉ ሰዓትና የጥበቃው ፈረቃ ወደ ማታ ዞረ፤ ወጣቱን የሚነካ ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ ለወጣቶች ምክር ቤት እንዲቀርብም ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ማእከሉ ሰው አጥቶ አያውቅም። ከተማውም ማንም ለማይገባበት ቤት መድከሙን ተወ፤ ሽማግሌው ያለውን ልምድ፣ ወጣቱ የሚኖርበትን ችግር ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ድካም ይቀላልና።

በሩ ማታ በተከፈተበት የመጀመሪያ ዕለት ጋሽ ብረቱ የብየዳ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። «መደርደሪያ ልሠራላችሁ አስቤ ነበር፤ ደግሞ እንዳልሳሳት ላማክራችሁ ብዬ ነው። ምን ይሻላል?» አሉ።

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሒሳብ ስታስረዳ የነበረችው ልጅ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ በሩ ሳይከፈት ቀድሞ የሚመጣ አለ። ውጭ አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር ይሥሩልን።»

ጋሽ ብረቱ ለብቻቸው ቢያስቡ ኖሮ ይህ መቼም አይመጣላቸውም ነበር። ወንበሩን ሠርተው ሲጨርሱ «ቦዘኔ» ይሏቸው በነበሩትና በሩ እስኪከፈት በሚያነቡት ልጆች መካከል ተቀመጡና ብርሃኑን ላለመጋረድ ፈቀቅ አሉ።