በፍቅር የላላ ባሌስትራ

የሐምሌ ዝናብ ቢቸናን ጭቃ ባደረገበት አንድ ጠዋት፣ ሞጣ ለተጠራ ስብሰባ ልሄድ መናኸሪያ ቆሜ መኪና አጣሁ። ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ክረምት መግባቱን የሚነግራቸው ያለ አይመስለኝም። ከጎኔ ይታገስ የሚባል ወጣት ቆሟል፤ ሞጣ ውስጥ የመኪና ጥገና ያስተምራል። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ሁለታችንንም አሳፈረን። ባለመኪናው አቶ ኃይለ ሚካኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩአየሁን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ወደ ሞጣ ሆስፒታል እየወሰዱ ነበር። በወይዘሮ ጥሩአየሁ አከርካሪ ላይ እጢ ወጥቷል። ጣራው ላይ ደግሞ የጤፍ ጆንያ ተቆልሏል፤ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ከተገኘ፣ እዚያ ለሚማር ልጁ ስንቅ የማይልክ ጎረቤት የለም።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጠመዝማዛው ሲጀምር መኪናው እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ጀመር። አንድ ኩርባ ላይ ኋላው ተንሸራተተና ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ቀስ ብለው ወደ መሀል መንገድ መለሱት፤ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። እኛም ወረድን። ይታገስ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከባሌስትራው ድርብርብ ብረቶች አስወጥተዋል እንዴ?»

«አዎን፣ ሁለት አስወጥቻለሁ። የጎማውንም አየር ቀንሻለሁ። ሕመምተኛ የምንጭን ሰዎች ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር ስትጮኽ እየሰማሁ ልንዳ? አሁን እንደ አልጋ ለስልሷል።»

«መለስለሱንስ ለስልሷል። መንገድ ግን አይዝም። አሁን ምን ሊደርስብን እንደነበር አይተዋል።»

«አይቻለሁ ልጄ። መንገድ እንዲይዝ ባጠነክረው እሷን ይሰብርብኛል፤ ባለሰልሰው ገደል ይከተናል። እንግዲህ እኔ ሳትጮኽ የምትሄድበትን መረጥኩ።»

አብዛኛው ሰው እንደ እሳቸው ነው፤ ከምቾትና ከደህንነት አንዱን ካልጣለ ሌላው የሚገኝ አይመስለውም። ይህን የሚያስብ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሦስተኛ መንገድ ያሳየው ስለሌለ ነው።

«ሁለቱም አብረው ይገኛሉ» አለ ይታገስ። «ይፍቀዱልኝና ላሳይዎ። እማማ፣ ይቅርታ፣ መኪናውን ትንሽ ልነቀንቀው ነው።» የመኪናውን ጥግ በቀስታ ወደ ታች ተጭኖ ለቀቀው። መኪናው ተነሣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተነሣ፤ አልቆም አለ።

«እሱ ነው!» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከውስጥ። «እሱ ነው የሚያሰቃየኝ! ድንጋዩስ አንዴ መትቶ ያልፋል፤ ይሄ መዋዠቁ ነው አልለቅ ያለኝ።»

«ሰሙ አባቴ? ጉድጓዱን የሚችለው ባሌስትራው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መዋዠቅ የሚገታው አሞርዛቶሩ ነው። የእርስዎ አሞርዛቶር ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። የታመመውን ትተው ጤነኛውን ነው የቆረጡት።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጥሩዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። ‹ለሰለሰልሽ?› ስትለኝ ፊትህን እያየሁ ምን ልበልህ? ኩርባ በመጣ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ፍራሹን እይዛለሁ።»

ሽማግሌው በሩን ተደግፈው አለቀሱ። እኔም ወደ ገደሉ ዞርኩ። እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ግን ክርክሩን አልተዉም።

«ጣራው ላይ ያለውስ? የጎረቤትን ጆንያ እምቢ ብል ነገ በምን ዓይን ያዩኛል?»

«እምቢ አይበሉ፣ ወለሉ ላይ ያድርጉት። ክብደት ከላይ ሲሆን ኩርባ ላይ መኪናውን ይጥለዋል፤ ከታች ሲሆን ያረጋዋል። ፍራሹንም ግራና ቀኝ ደግፎ ይይዝልዎታል።»

በዝናብ ጆንያ ስናወርድ ስብሰባዬ አለፈ፤ አልቆጨኝም። የቀረውን መንገድ በዝግታ ሄድን። ሞጣ እንደገባን አቶ ኃይለ ሚካኤል ባለቤታቸውን ሆስፒታል አስተኙ፤ መኪናውን ይታገስ ወሰደው። በማግስቱ የባሌስትራው ብረት ተመልሶ፣ አዲስ አሞርዛቶር ተገጥሞ፣ የጎማው አየር በልኩ ተሞልቶ ጠበቀን።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «የሚደረግላት ነገር የለም፣ ወደ ቤትዎ ይውሰዷት አለኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለእሷ አልነገርኳትም።»

ስብሰባው ስላመለጠኝ እኔም ከእነሱ ጋር ተመለስኩ፤ ያው መኪና መንገዱን ይዞ ሄደ። ጉድጓድ ሲያገኝ አንዴ ደንገጥ ብሎ ይረጋል፤ ያ ኩርባ ሲመጣም ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከደብረ ወርቅ በፊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። «ለሌሎቹም ሾፌሮች እነግራለሁ» አሉ ባለቤታቸው። «ስናዝንለት ነው ለካ ሕመምተኛውን የምንጎዳው።» እኔም ለአንባቢ የምለው ይህንኑ ነው፦ ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ የሚያውቅን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ጭነቱ ዝቅ ቢል፣ ያረጀው ቢለወጥ፣ ምጥ የያዛትም ሆነ አጥንቱ የተሰበረ ሳይንገላታ፣ ገደል ሳይፈራ ይደርሳል።

ቢቸና ደጃፋቸው ስንደርስ ጎረቤቶች ሊቀበሉ ወጡ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ሞተሩን አላጠፉም፤ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጧቸው።

«ትንሽ ትተኛ» አሉኝ። «ስትነቃ ሐኪሙ ምን አለ ብላ ትጠይቀኛለች።»