ለአዲስ መጪ የተነፈገ መልስ

የቅኔ መምህሩ የኔታ ፋንታ ከሞጣ ወደ ቢቸና የተመለሱት እንደ ሄዱት ብቻቸውን ነበር። ታዘበው የሚባል የድሮ ተማሪያቸው ሞጣ ገበያ ታየ ቢሏቸው በእርጅና ዕድሜያቸው ተነሥተው ሄዱ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጠይቀው አጡት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት ስጦታው ይባላል። የቢቸና ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው ይሠራል፤ አሁን እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቃል።

«ልጄ፣ ምን ቢጽፉልህ ነው እንዲህ የሚያስቅህ?»

«አይ አባቴ፣ የሰው ድፍረት ነው። እኔና አራት ጓደኞቼ አማርኛ በስልክ የሚጻፍበት ፕሮግራም እያደስን እንጠብቃለን። ኮዱ፣ ማለት የተሠራበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያሻው ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል።»

«ይከፈላችኋል?»

«ሰባራ ሳንቲም!»

«እንግዲያስ የቅኔ ቤት ነዋ!» አሉ የኔታ፣ ከሞጣ ወዲህ ገና አሁን ፈገግ ብለው። «ደፋሩስ ማነው?»

«ጸደንያ የምትባል ጀማሪ። አባቷ ዓይናቸው ጠፍቶ ማንበብ ናፍቋቸዋል። ፕሮግራማችን ጽሑፍን በድምፅ እንዲያነብ እኔ ልሥራው ብላ አምስት ገጽ ዕቅድ አቀረበች። ገና አንዲት ስሕተት እንኳ ሳታርምልን! ጥያቄዋን ዘጋሁት።»

«ምን ብለህ?»

«ምንም አላልኩም። ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ፣ “ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ካልሆነ ልተወው” ትላለች።»

የየኔታ ፈገግታ ጠፋ።

«ትተወዋለቻ።»

«አይፍረዱብኝ አባቴ። ዐሥር ሰው ሐሳብ ያመጣል፤ ዘጠኙ ሳይጀምር ይጠፋል። እኛ ደግሞ ከእንጀራችን በተረፈች ሰዓት ነው የምንሠራው። ለመጣው ሁሉ ስንመልስ መቼ እንሥራ?»

«እውነትህን ነው። እኔም እንዲሁ እል ነበር።» የኔታ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከአምበር አንድ ልጅ መጣ፤ ታዘበው። ገና በወሩ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ቆጥሮ፣ ራሱ ደርሶ፣ ነገረኝ። ደኅና ነበር። ግን አዲስ ነው፣ ይኩራራብኛል ብዬ አንዲት ቃል ሳልናገር ፊቴን ወደሚቀጥለው ተማሪ አዞርኩ። በማግስቱ ጎጆው ባዶ። ብቆጣው ኖሮ አኩርፎ ይቆይ ነበር። ዝም ስላልኩት ግን ጥፋቱን ሳያውቅ ሄደ። ይኸው ዛሬም ሞጣ ድረስ እፈልገዋለሁ።»

ስጦታው ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው።

«ታዲያ የኔታ፣ አምስቱን ገጽ እንዳለ ልቀበላት?»

«ማን አለህ! እኛስ ጀማሪን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ መች እናስቆጥራለን? በሁለት ቤት ይጀምራል። ሲሳሳት ግን፣ “እዚህ ጋ ተሰበረብህ፣ እንዲህ አቅናው” ይባላል። እናንተ ዘንድ ሁለት ቤት የሚሆን ሥራ የለም?»

ልጁ ትንሽ አሰበ።

«ቁጥሮችን... ፕሮግራሙ መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ቢያነብ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ያ ከሠራ ፊደሉም ይከተላል።»

«ይኸው! ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ካለፍነው ከደብረ ወርቅ እስከዚህ።»

«እሷስ ስንት ጊዜ ጠበቀች?»

ስጦታው ስልኩን ከጭኑ ላይ አነሣ። የዘጋውን ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። ዝም በማለቱ ይቅርታ ጠየቃት፤ ሥራው ለጀማሪ ለምን እንደሚከብድ፣ በቁጥር ብትጀምር ማን እንደሚያግዛት ነገራት።

አዲስ መጪ ሁሉ እንደማይሰነብት የታወቀ ነው፤ በዚህ ስጦታው አልዋሸም። ነገር ግን መልስ ያገኘ ሰው ቢሄድ እንኳ ተምሮ ይሄዳል፤ የቆየው ደግሞ ነገ ሸክም ይጋራል። አምስቱ ጠባቂዎች ሲደክማቸው የሚተካቸው ከሰማይ አይወርድም፤ ዛሬ ደጅ ቆመው “ልግባ?” ከሚሉት መካከል ነው የሚገኘው። አዲስ መጪን የሚያስተናግድ ሰው በየተራ ቢመደብ ደግሞ ሥራው አይቆምም፤ ስጦታው ይህንኑ ለጓደኞቹ ጻፈላቸው።

ቢቸና መናኸሪያ ሲወርዱ የጸደንያ መልስ ደረሰ።

«ምን አለች?» አሉ የኔታ፣ ከልጁ ይልቅ እሳቸው ቸኩለው።

«“ልተወው ወስኜ ነበር። ዛሬውኑ ጀመርኩ። ለአባቴም ነገርኩት” ትላለች።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ስጦታው ተከተላቸው።

«የኔታ፣ የታዘበውን ቅኔ ያስታውሱታል?»

«ሁለቱንም ቤት።»

ባጃጁ በሚጯጯህበት መካከል ቆሙና ቅኔውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው አሉት። ሲጨርሱ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ተማሪ ያለ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማለፊያ ነው፣ ታዘበው» አሉ። «ማለፊያ ነው። ድገመው።»