ይሉኝታና ፍሬን

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቆመ። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ አምስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው በእግራቸው ሲወጡ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በዚህ መሀል ፊት ለፊታቸው የምትኖረው ወጣት የፊዚክስ መምህርት ቦርሳዋን አንግታ ከኋላቸው ደረሰች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታ ከመለዋወጥ አልፈው አያውቁም። በሮቻቸው ይተያያሉ፤ ባለቤቶቹ ግን በየቤታቸው ሬዲዮ ከፍተው፣ የሬዲዮውን ድምፅ እንደ ሰው ቆጥረው፣ ብቻቸውን ይበላሉ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ዛሬ ዛሬ ብርቅ አይደለም።

«ልደግፍዎት አባባ?» አለች።

«ግድ የለም ልጄ፣ ትንፋሼ ሲመለስ እነሳለሁ። አንቺ እለፊ።»

መምህርቷ አላለፈችም። እሷንም ቤት የሚጠብቃት ሰው አልነበረምና ጎናቸው ተቀመጠች።

አዛውንቱ የሚሰማቸው ጆሮ ካገኙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ስለነበር፣ ከደረጃው ጀምረው ወደ ጀርባ ሕመማቸው፣ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዘለቁ። ልጃቸው የምትኖረው ከረጅም ቁልቁለት ማዶ ባለ ከተማ ነው። ከወለደች ወዲህ የልጅ ልጃቸውን በስልክ ካልሆነ አላዩትም፤ የአውቶቡስ መንገድ ጀርባቸው አልችል ብሏል። አሁን ግን መፍትሔ ተገኝቷል። ነገ እንደ ልብ እያቆሙ የሚያርፉባት መኪና ሊገዙ ነው።

መኪናዋ የማን እንደሆነች ሲናገሩ ፊታቸው ፈካ። ቆጣሪ አንባቢ የነበረ የአንድ የቅርብ ወዳጃቸው ናት። ሰውየው እሑድ እሑድ እየመጣ ጡሩንባ ሲያሰማ፣ እሳቸው ኮታቸውን ደርበው ይወርዳሉ፤ ከጎኑ ተቀምጠው ከከተማ ወጣ ብለው ይመለሳሉ። መንዳት ያስተማራቸውም እሱ ነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እየሳቀባቸው። አምና ሞተ። ሚስቱ መኪናዋን ልትሸጣት ስለሆነ በስልክ ተነጋግረው ተስማምተዋል። እሑድ ከመጣ የት እንደሚገቡ ለሚጠፋቸው ሰው ይህች መኪና ከመኪናም በላይ ነበረች።

«ባለሙያ አይቷታል?» አለች መምህርቷ።

«ምኗን?»

«ፍሬኗን፣ መሪዋን፣ አካሏን የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲዋን። አሮጌ መኪና ከመገዛቱ በፊት የሚመረምሩ ጋራዦች አሉ። ከፍ አድርገው ከሥር ያዩታል።»

ልብስ ሰፊው ቅር አላቸው። ስንት ዓመት የተቀመጡባትን መኪና ነው ሰው የሚመረምርላቸው? ወዳጃቸው በየሳምንቱ እያጠበ፣ እንደ ልጅ እየተንከባከበ የያዛት ናት። «አየሽ ልጄ፣ አሁን ሄጄ ላስመርምር ብል፣ ሟቹን በሚስቱ ፊት አታላይ እንደማለት ነው። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኮት ሊያስጠግን ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ምኑን ነው?»

«ገበሩን ነዋ» አሉ ሳያስቡ። «ከላይ ዓይን የሚስብ ሆኖ ከውስጥ ያለቀ ስንት ኮት አይቻለሁ።»

«ገልብጠው ሲያዩ ባለቤቱን ሌባ ማለትዎ ነው?»

«ምን በወጣው! ገበሩን ባለቤቱ የት አይቶት?»

«ታዲያ የመኪናስ ገበር?»

አዛውንቱ እንደተያዙ ገባቸው፤ ግን እጅ የሚሰጡ ዓይነት ሰው አልነበሩም። «ኮት አይቀየምም፣ ሰው ግን ይቀየማል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መምህርቷም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለጎረቤት ቀርቶ ለሥራ ባልደረቦቿ ያልነገረችውን ነገር ዝግ ባለ ድምፅ ነገረቻቸው።

«ወንድሜ መኪና የገዛው ከአጎታችን ነው። አስመርምር ስለው፣ አጎቴን እንዴት አድርጌ አለኝ። መሪው መንገድ ላይ ከዳው። ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አጎቴም አውቆ ባይሸጥለትም፣ አፍሮ ቤታችን መምጣት ተወ። ሁለቱም በሕይወት አሉ አባባ፤ እኔ ግን በዓመት አንዴም አንድ ላይ አላያቸውም። ላለመቀያየም ብለን ነው እንዲህ የተለያየነው።»

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ እሱ ባይኖር ሰው ከሰው ጋር መኖር ያቅተው ነበር። ግን ቦታ አያውቅም። ሐኪም ቤት ገብቶ ሕመም ያስደብቃል፣ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ገዢ ይመልሳል። ፍሬን ደግሞ ወዳጅና ባዳ አይለይም። አዛውንቱ ይህን ሁሉ በዚህ ቃል አላሰቡትም፤ ሳያስመረምሩ ላለመግዛት ግን ቆረጡ።

በማግስቱ ገንዘቡን ቤት ትተው፣ የሚናገሩትን መንገድ ላይ እየተለማመዱ ወደ ሟቹ ወዳጃቸው ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋቸው። ከሐዘኑ ወዲህ እዚህ ቤት ረግጠው አያውቁም። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ብቻውን የሚመላለስ ወንድ፣ ሰው ምን ይለዋል ብለው ነው የቀሩት። ክፍሉ እንደድሮው ንጹሕ ነው፤ የሟቹ የሥራ ቆብ አሁንም ሚስማሩ ላይ አለ። የወዳጃቸው ሚስት ወንበር አቀረቡላቸው። አዛውንቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ «እኅቴ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ፣ መኪናዋን ባለሙያ ቢያያት» አሉ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሚስማሩ ላይ ወዳለው ቆብ መለሱ። ልብስ ሰፊው አለቀልኝ ብለው ቆባቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ።

«ጋሼ፣ ተመስገን ነው የምለው» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ እየፈራሁ ነው የምነዳት። ፍሬኑን ስረግጠው ወደ ታች ይሰምጥብኛል። ልነግርዎት ነበር፤ ገና ከመሞቱ የባሏን ዕቃ ታጣጥላለች ይሉኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። ሌላስ ማንን ልጠይቅ? ከሐዘኑ ወዲህ ይህን በር ያንኳኳ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

አዛውንቱ አፈሩ። ያሳፈራቸው የመኪናዋ ጉዳይ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ያላንኳኩት በር ነው። ነገሩን ልብ ላለው ሰው፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች እየተከባበሩ ገደል ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ቅዳሜ መምህርቷን ጨምረው ሦስቱም ጋራዥ ሄዱ። መርማሪው መኪናዋን ከሴትዮዋ ደጅ በዝግታ እየነዳ አመጣና በማንሻው ከፍ አደረጋት። ከላይ ቀለሟ ያበራል። ከሥር ግን የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ በዝገት ተበልቶ ያንጠባጥባል፤ ሻንሲው ድሮ የተበየደበት ቦታ ላይ እንደገና ተሰንጥቋል። መርማሪው የእጅ ባትሪውን እያበራ አንድ በአንድ አሳያቸው። ቱቦው ይቀየራል፣ ሻንሲው ግን እንዲህ ሆኖ ሰው አይጫንበትም አላቸው፤ ያንን ቁልቁለት ቢወርዱባት ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበረም አልደበቃቸውም።

«ባለቤቴ ያውቅ ነበር ይሆን?» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው።

«ከላይ ሆኖ የሚያጥብ ሰው ይህን አያይም» አለ መርማሪው። «የብየዳው ሥራ በጣም የቆየ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ያሠራው ይመስለኛል። እሱንም ያታለለው አለ።»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሱ። ልብስ ሰፊው ሟቹን ይወነጅልብኛል ብለው የፈሩት ምርመራ፣ ሟቹን ነጻ አወጣላቸው። እሳቸው ግን ዓመታት የተቀመጡበትን ቦታ ከሥሩ ቀና ብለው ሲያዩ ዕንባቸው መጣ። መኪናዋን ቢገዟት እሑድ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። አይመለስም። «ገበሩ አልቋል» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። መምህርቷ ክንዳቸውን ያዘች።

መኪናዋ ጉድለቷ ሳይደበቅ ለመለዋወጫ ተሸጠች። አዛውንቱ ሌላ ሲፈልጉ መርማሪው አንዷን ይቅርብዎ አላቸው፤ ቀጥሎ ያመጧትን ትንሽ መኪና ግን ጎማዋን ብቻ ይቀይሩ ብሎ አሳለፋት። ሻጩም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ነገ ተመልሶ የሚወቅሰኝ የለም ብሎ ተደሰተ።

ዛሬ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ወገቡ እየተለካ ትምህርት ይሰጠዋል። «ያስመረመረ ሰው የሚገዛውን አውቆ ይገዛል» ይሉታል መርፌ በአፋቸው እንደያዙ። «ዋጋውን በጉድለቱ ልክ ይነጋገራል፣ የሚጠገነውን ሳይሰበር ያስጠግናል፣ ከሻጩም ጋር ሰላም ይሰነብታል። ካፈርክ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።» ደንበኛው ቶሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ሜትሩ ግን ወገቡ ላይ ስለሆነ የትም አይሄድም።

ወደ ልጃቸው የሚሄዱበት እሑድ ደረሰ። ሞተሩን አስነስተው ጎናቸው ያለውን ወንበር አዩት። ባዶ ነው። ጥቂት ሲያመነቱ ቆዩና የሟቹ ወዳጃቸው ሰፈር ሄደው፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው ጡሩንባውን አሰሙ። የወዳጃቸው ሚስት በሩን ከፈቱ። ጎረቤት በመስኮት ያያል፤ ይይ።

«ልጄ ዘንድ እየሄድኩ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው። «ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው።»

ሴትዮዋ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

«ፍሬኑ ታይቷል?»

«ታይቷል።»

«እንግዲያው ነጠላዬን ላምጣ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።