አባ ቀፎና የገጹ ዳር

በማተሚያ ቤታችን ደረጃ ላይ እኔ ለእርማት የተሰጠኝን ጽሑፍ ታቅፌ ስወርድ፣ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው የሴት ልጃቸውን ክንድ፣ በሌላው ወፍራም ፖስታ ይዘው ሲወጡ፣ ግንባር ለግንባር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፍን።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ዓይኔ ከድቶኛል። ደግነቱ ንብ አይደለህም፤ ንብ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ነድፈኸኝ ነበር» አሉና ሳቁ።

ቀልደው የሚያስጠጉ ሽማግሌ ደስ ይሉኛል። መውረዴን ትቼ አብሬያቸው ተመለስኩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው «አባ ቀፎ» ይላቸዋል። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯቸዋል። ቀፎዎቹን የምትረከበው ይህችው ልጃቸው ናት። እሷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ንብ ጥዝ ሲል ገና ልቧ ይሸበራል። ስለዚህ አባት የሚያውቁትን ሁሉ ሲናገሩ ልጅ ስትጽፍ ከርማለች። አሁን ያ ጽሑፍ በቶሎ መጽሐፍ ሆኖ እጇ መግባት አለበት። አለዚያ የአባ ቀፎ ዓይን የጠፋ ዕለት ቀፎዎቹም አብረው መጥፋታቸው ነው።

ወደ ዲዛይነራችን ክፍል አስገባኋቸው። ዲዛይነሯ ገና ወጣት ናት። የእኔ ሥራ የሰው ስሕተት መልቀም ስለሆነ ሰው ማድነቅ ብዙም አይሆንልኝም፤ እሷን ግን አደንቃለሁ፣ ምን ላድርግ! የተማረችውን ሳትኩራራበት ለሰው በሚገባው ቋንቋ ታስረዳለች።

አባ ቀፎ ገና ሳይቀመጡ ትእዛዛቸውን ጀመሩ። «ስሚኝ ልጄ፣ የእኔ ነገር አጭር ነው። ፊደሉ ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሙላው። ሁሉም ይድመቅ። ርዕስ ምናምን እያላችሁ ቦታ አታባክኑብኝ።»

«እሺ አባባ። ግን ሁሉም እንዲደምቅ ለምን ፈለጉ?»

«ሁሉም ስለሚጠቅም ነዋ! ከተናገርኩት ውስጥ የሚጣል አገኘሽበት?»

«ኧረ የሚጣልስ የለውም። ነገር ግን አባባ፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሁሉም ባንዴ ቢጮህ ማን ማንን ይሰማል? ደማቅ ፊደል ጩኸት ማለት ነው። ለሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ብንቆጥበው ነው የሚሻለው።»

«አይ የዘንድሮ ልጆች፣ መልስ እንኳ አታጡም! እሺ ዳሩስ? ወረቀቱን ጾሙን የምታሳድሩት ለምንድን ነው?»

«እሱ ኅዳግ ይባላል» አለች።

«ስም ስላወጣችሁለት ባዶነቱ ቀረለት?»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዲዛይነሯም አብራኝ ሳቀችና አንድ ወረቀት አንስታ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አስኬደችው። «አባባ፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ዳሩን የማሽን ቢላዋ ይከረክመዋል። ቢላዋው ትንሽ ከሳተ ዳር ላይ ያለው ቃልዎ ተቆርጦ ይወድቃል። ለዚህ ነው ፊደሉን ወደ ውስጥ የምናስገባው። የሽፋኑን ሥዕል ግን ከመቁረጫው መስመር እናሳልፈዋለን፤ ብሊድ እንለዋለን። ካላሳለፍነው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ዳሩ ላይ ይቀራል።»

«ሥዕሉ ይለፍ፣ ፊደሉ ይከልከል? ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው!»

ልጃቸው «አባዬ፣ እኛም እኮ ልብስ ስንቀድ ከስፌቱ ውጭ ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን» አለች።

«አንቺም ከእነሱ ወገን ሆንሽ?»

እኔም አላስችል ብሎኝ «አባባ፣ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ከታተመ በኋላ እኮ መመለሻ የለውም» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ሦስት ሰው ባንድ ሽማግሌ ላይ መነሳቱ ለእኔም ደስ አላለኝም።

ዲዛይነሯ ግን ነገሩ ወደ እልህ ሊሄድ መሆኑ ገባት። «አይከራከሩኝ፣ እኔም አልከራከርዎ። አንዱን ገጽ እርስዎ እንዳሉት፣ አንዱን እኔ እንዳልኩት አትሜ ላምጣ። ዋናው ሳይታተም ናሙና ማየት የደንበኛ መብት ነው» አለችና ጽሑፉን ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ጥቂት ቆይታ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች።

«ለእኔ ዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ አባ ቀፎ። «ልጄ ታንብበው። መጀመሪያ የእኔን ስጫት። በይ እንግዲህ፤ ንብ ነድፎሽ ፊትሽ አበጠ፣ ትንፋሽሽ አጠረ እንበል። ምን ታደርጊያለሽ? ከዚያ ፈልገሽ አንብቢልኝ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አነሳች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው። በጣቷ አንዱን መስመር ይዛ ወረደች፣ ጠፋባትና እንደገና ከላይ ጀመረች።

«አገኘሽው?»

«ቆይ አባዬ፣ እዚህ አካባቢ ነበር...»

«አገኘሽው ወይ?»

«እኔው ጽፌው እንዴት ይጠፋኛል!» አለች።

አባ ቀፎ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱት። «ተይው። ይሄኔ እኮ ሞተሻል» አሉ በቀስታ።

ዲዛይነሯ ሁለተኛውን ወረቀት አቀበለቻት። እሱ ላይ «ንብ ሲነድፍ» የሚል ርዕስ ደምቆ ለብቻው ተቀምጧል። ሴትዮዋ ዓይኗ እንዳረፈበት አነበበች፦ «ትንፋሽ ካጠረ ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ጎረቤት ጥሪ፣ ብቻሽን አትሁኚ።»

«ለካ ሁሉን ልስጥሽ ብዬ ደብቄብሽ ኖሯል» አሉ አባ ቀፎ። ከዚያ ወደ ዲዛይነሯ ዞረው «ርዕሱ ገብቶኛል፣ ድምቀቱም ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥሽ። ዳሩን ግን ለቢላዋው የሚበቃ ብቻ ተዪለት። ከዚያ በላይ ማን ሊጽፍበት ነው?» አሉ።

«እኔ ነዋ!» አለች ልጃቸው። እሷም በድምፅዋ የደነገጠች መሰለኝ። «አባዬ፣ አንተ የማታየውን ዓመት እኔ ማየቴ አይቀርም። ንቦቹ አዲስ ነገር ሲያደርጉ የት ልጻፈው?»

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ዳር በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ዲዛይነሯ ዞሩና «ልጄ፣ ዳሩን ሰፋ አድርጊው» አሉ።

እኔ እዚያ ቆሜ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በቀላሉ አትየው። በሥርዓት የተቀናበረ ገጽ ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም። የደከመ ዓይንን ያሳርፋል፤ የቸኮለውን ቶሎ ያደርሰዋል፤ ገና ፊደል የለየውን አያስደነግጠውም። ናሙናን አስቀድሞ ማየትም ደንበኛውንና ማተሚያ ቤቱን ከጸጸት ያድናል። ወረቀት ቆጠብኩ ብሎ አንባቢን ማጣት ቁጠባ አይባልም።

መጽሐፉ ታተመ። አባ ቀፎም ጭራሽ ሰባኪ ሆነው አረፉት! ሌሎች ንብ አርቢዎችን ወደ እኛ እየላኩ «ኅዳግ ይኑረው በሏት፤ ንብ እንኳ መተላለፊያ ሳትተው ቀፎ አትሞላም» ይሏቸዋል።

በሚቀጥለው የአበባ ወራት ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ልጃቸው የንብ መከላከያ መረቧን ከፊቷ ገልብጣ ከቀፎዎቹ መካከል መጣችና አጠገባቸው ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች። ዳር ዳሩ በእርሳስ ጽሑፏ ተሞልቷል። ከመጀመሪያው መስመር ልትጀምር ስትል አባ ቀፎ እጃቸውን በእጇ ላይ ጣል አደረጉ።

«የእኔንስ አውቀዋለሁ» አሉ። «የዳሩን አንብቢልኝ።»