የደረቀው አንገት

ሚስቴን በቀበርኩ በሦስተኛው ወር የጋሪ ፈረሴ አንገቱ ደርቆ አልዞር አለ። የእኔና የሕፃን ልጄ እንጀራ እሱ ነበርና ከአሰበ ተፈሪ ገበያ እየጎተትኩ ወጌሻው ኦቦ ዩሱፍ ዘንድ ወሰድኩት። ሽማግሌው መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ቀስ እያሉ አሹትና፣ «በየቀኑ ነው፤ በል አንተ ሞክር» አሉኝ። በጣቶቼ ስጫነው ሊነክሰኝ ቃጣ።

«ሊጥ ነው እንዴ የምታቦካው? ሕፃን አሽተህ አታውቅም?»

«እሱማ የሴት ሥራ ነው፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ልጅህን አሁን ማን ያሻታል?»

ከእናቷ ወዲያ ማንም አላሻትም ነበር።

«በል፣ እሷን እንደምትዳብስ አድርገህ ዳብሰው» አሉኝ።

በመዳፌ ቀስ አልኩ። ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አንገቱም ላላ። ማታ ልጄን ከጎረቤት ተቀብዬ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጀርባዋን በቅቤ አሸሁላት። ተንጠራርታ ሳቀችልኝ።