አንገታቸውን የደፉት ችግኞች

«ታቢታዬ፣ ይኼ የሐይቁ ነፋስ ዘንድሮ ምን ነካው? ትናንት ፒያሳ ብወጣ ነጠላዬን ሊገፈኝ ነበር። ቆሮሶ ዓሣ ረከሰ አሉ፤ ገዛሽ? እኔ እንኳ ዓሣ ከተውኩ ሰነበትኩ። ጾም ይዤ እንዳይመስልሽ... አሁን አሁን የተማሪ ምግብ ቤት ወጥ ወጥ ይለኛል።»

ካሰች ይህን ያለችው በኮሌጁ የሠራተኞች ክበብ፣ በሻይ ሰዓት ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት። ዓይኗ ያለው ፊት ለፊቷ በተቀመጠችው ጸሐፊ፣ በታቢታ ላይ ነው። ንግግሯ ግን ለሌላ ጆሮ ነበር። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ጋዜጣ የሚያነበው የኮሌጁ የአረንጓዴ ዘመቻ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የታቢታ አለቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ እንግዶች ዘመቻውን ሊጎበኙ መጡ። ወደ ሐይቁ በሚወርደው ዳገት ላይ የተተከሉት ችግኞች ግን በበጋ ተተክለው፣ ውሃ የሚያጠጣቸው አጥተው፣ ከደረቁ ቆይተዋል። ሊቀመንበሩ እንግዶቹ በሚመጡበት ጥዋት ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆረጠና በየጉድጓዱ አስተከለ። ጉብኝቱ አምሮ ሳለ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ የተጋደመ ችግኝ አይተው ሊያቃኑ ቢይዙት ተመዝዞ እጃቸው ላይ ቀረ። ጫፉ በምሳር ተጠርቧል። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሳያሽ «አሻጥር ነው» አለ፤ የአትክልተኛውን የኩማንም ስም ጠራ። ኩማ ከሥራ ታገደ፤ ታቢታም ለቀበሌ የሚላከውን ክስ ከሰዓት በኋላ እንድትተይብ ታዘዘች። በዚያ የአብዮት ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቀበሌ ወደ ቤቱ መመለሱን የሚያውቅ አልነበረም።

ካሰች ደግሞ ኩማ የዚያን ቀን አዋሳ እንዳልነበረ ታውቃለች። ይህን ፊት ለፊት ብትናገር አድኃሪ መባል የእሷ ተራ ይሆናል። ስለዚህ ሻይ አዘዘችና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

«እኔማ አንድ ሰው አለ፣ በጣም ነው የማደንቀው። ማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ምቀኛ ይበዛበታል። ውሃ ይቆጠብ ተባለ አይደል? ሌላው ቢሆን ቧንቧ ሲጠግን፣ ሲያወጣ ሲያወርድ ይከርማል። እሱ የተማሪዎቹን መታጠቢያ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ... ተቆጠበ። ልጆቹም ይኸው ሳሙናቸውን ይዘው ሐይቅ ይወርዳሉ። መራመዱ በራሱ ጤና አይደለም? የምግብ ቤቱ ትራፊ ማዳበሪያ ይሁን ተባለ፤ ሐይቁ አፋፍ ላይ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ የሞላው ለዓሣው ይፈስሳል። ማዳበሪያውማ ይደርሳል፤ ምን ያስቸኩላል? እስከዚያው አባ ኮዳዎቹ ጠግበው ያድራሉ። ለሠራተኛ ክበብ የከፈተ ብዙ ነው፤ ለወፍ የከፈተ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ታቢታ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በመሐረቧ ሸፈነች። ከጎን ያለው ጋዜጣ ገጽ ሳይገለጥበት ቆየ።

«ችግኙንማ ተዪው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ... የሰነፍ ተረት ነው። በእሱ እጅ ቅርንጫፍ በአንድ ጥዋት ዛፍ ሆኖ ይቆማል። እኔ አላየሁም፤ ሲያወሩልኝ ነው። ‹ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን› የሚለው መፈክር ከላይ ተሰቅሏል፣ ተፈጥሮ ደግሞ ከታች እጇን ሰጥታለች። ጨዋነታቸውስ ብትዪ? ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሁሉም ባንድ ላይ ለእንግዶቹ አንገታቸውን ደፉ አሉ። እኛ ልጆቻችንን ስንት ዓመት አሳድገን እጅ መንሣት አላስተማርናቸውም፤ እሱ ችግኙን በግማሽ ቀን አስተማረ። ሥር ቢኖራቸው እኮ እንዲህ አይታዘዙም ነበር...

«ሽማግሌውስ ምን ነካቸው? ሰው ያቆመውን ይነካሉ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምተን ነበር። ችግኝ ጎርጓሪ ለካ ሥር እንኳ አያወጣም።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ካሰች ሻይዋን ፉት አለች።

«ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ፍርዱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እሱ አዲስ ነገር አመጣ... ዳውላው በቦታው ሳይኖር መታው። እኔ እንኳ የዚያን ቀን ይርጋለም ለቅሶ ደርሼ ነበር። የኩማ እናት ዐርፈው። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ‹አለቃዬ፣ ሂድ እናትህን ቅበር፣ ሥራው የትም አይሄድም ብሎ ለቀቀኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም› እያለ መንገዱን ሙሉ ሲመርቀው ነበር። እኔ እናቱን ትቼ ለአለቃው አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ደግ አለ?

«ታዲያ ዛሬ ችግኙን ኩማ ቆረጠው ይላሉ። ይርጋለም መቃብር አፋፍ ቆሞ አዋሳ ላይ ምሳር የሚያነሣ ክንድ እንዴት ያለ ነው? ይኼስ ለአትክልተኝነት አይባክንም ነበር። እኔ ግን ያ ደግ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲህ ይላል ብዬ አላምንም። የፈቀደውን ይረሳል? ቀበሌ ቢጠየቅ ‹እኔ ነኝ የላክሁት› ይላል እንጂ... አይልም ትያለሽ? ለቅሶው ላይ የነበረው አውቶቡስ ሙሉ ሰው መሆኑን አጥቶት ነው? ቀባሪ እኮ ብዙ ነው ታቢታዬ፤ ቀባሪ የሆነ ሁሉ ደግሞ ያስታውሳል።»

ጋዜጣው ታጠፈ። ሊቀመንበሩ ተነሣ፤ ከጆሮው ሥር ላብ ወርዶ ኮሌታውን አርሶታል። ካሰች በልቧ «አለቀልኝ» አለች። ሰውየው ግን እሷን አልፎ ወደ ታቢታ ጎንበስ አለና ዝግ ባለ ድምፅ ነገሩን እንደገና እንዳጣራው፣ ክሱ መተየብ እንደሌለበት፣ ኩማም ከሰዓት ጀምሮ ሥራው ላይ እንዲገኝ ነገራት። ኀዘን ላይ ያለ ሰው መንገላታት የለበትም አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ወለሉን ያይ ነበር።

ካሰች ከወንበሯ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰውየውን በአክብሮት እጅ ነሣችና ፊቷን መልሳ ወደ ታቢታ አዞረች።

«አየሽ የኔ ልጅ፣ ደግ ሰው ከአገር አይጠፋም። ያን የማደንቀውን ሰው መንገድ ላይ ብታገኚው መርቃሃለች በዪልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ጤናውን ይስጠው። እርጅናውን በሙሉ ፀሐይ ሳይነካው፣ በገዛ እጁ ባሳደገው ዛፍ ጥላ ሥር ያኑረው።»