ሦስት ሰው ፊት

ወደ ዋና ከተማችን ወደ ብራቲስላቫ የሚሄደውን ባቡር ስሳፈር ጋዜጣዬን በሰላም አነባለሁ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ገና አረፍ ከማለቴ የከተማችን እማማ ሄርሚና የፕሪም ኬክ በቅርጫት ይዘው ገቡ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው የአናጺው ልጅ፣ አዲሷ አዋላጅ ነርስ ራድካ ነበረች። የእማማ ልጅ ቬንደሊን የምክር ቤት አባል ነው። ፓርቲው ትንሽ ናት፤ ግን ጥምር መንግሥቱ ያለሷ ስለሚፈርስ የጠየቀችውን አትከለከልም። አሁን የጠየቀችው የጽንስ ማቋረጥ ሕግ እንዲጠብቅ፣ ሴቷ ምክንያቷን እንድትናገርና ቆይታ እንድትመለስ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም በማግስቱ ነበር።

«ልጄን ላበረታታ ነው የምሄደው» አሉ እማማ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ ይሄ እንኳ የሚበረታታ ነገር አይደለም» አለች ራድካ።

«ወይ ጉድ! ማን ከለከለ? ምክንያትሽን ተናገሪ፣ ትንሽ ቆይተሽ አስቢበት ነው ያሉት። መጠየቅ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

«ቆይተሽ ነይ የምትባለዋ እኮ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሁለት ጊዜ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ ለምን አይላትም? ባለገንዘቧማ ድንበር ተሻግራ ቪየና ደርሳ ትመለሳለች።»

«እና ነፍስ ዝም ብሎ ይጥፋ?»

«እኔ የማዋልድ ሰው ነኝ እማማ፤ ሕፃን በተቀበልኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። ግን የተጨነቀች ሴት ሐኪም ካጣች በድብቅ ወደሚሠራ ቤት ትሄዳለች፤ ያኔ እናትየዋንም እናጣለን። እኛ ምን እናውቃለን? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው።»

ልጅቱ ደህና ተናግራለች። እኛ ተምረናል የምንል ሰዎች ግን ሰው በክርክር ብቻ የሚረታ ይመስለናል። እማማን የረታቸው ሌላ ነገር ነው።

«ምክንያቷን ለማን ነው የምትናገረው?» አሉ ድንገት።

«ለሐኪሙ። ይጻፋልም። በትንሽ ከተማ ደግሞ ያው ሁሉም ይተዋወቃል።»

እማማ ቅርጫቱን ከጭናቸው አወረዱ።

«በኮሚኒስቶቹ ጊዜ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቅድና የሚከለክል ኮሚቴ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ባሌ ታሞ ተኝቷል። ሦስት ሰው ፊት አቆሙኝ። አንዷ የባሌ አለቃ ሚስት ናት። ‹በሽተኛው ሌሊት ሌሊት ይሻለዋል እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ። ፈቀዱልኝ። ቤቴ ስደርስ ግን ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ሰምቷል።»

ራድካ እጃቸውን ያዘች። እኔ በዚያች ሴትዮ አፍሬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እማማ ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ድምፁን ለሁላችን ለቀቁት። ቲኬት ቆራጩም መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ቬንደሊን፣ ልጠይቅህ። ለምን ሦስተኛ ልጅ አልወለዳችሁም? ሚስትህ እንክብል ትውጣለች ወይስ አልጋ ለያችሁ?»

«እማ! ምን ነካሽ? አጠገብሽ ሰው አለ እንዴ?»

«ሦስት ሰው አለ። እኔ ፊትም የተቀመጡት ሦስት ነበሩ። በል ተናገር፣ ልጻፈው።»



«አንቺ ፊት? መቼ?» አለ ቬንደሊን።

«ስንገናኝ እነግርሃለሁ። ነገ እጅህን ከማንሣትህ በፊት ግን አሁን ያፈርከውን እፍረት አስታውስ።»

በማግስቱ አዲሱ ረቂቅ ሕግ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። የማን ድምፅ እንደሆነ ከተማችን ያውቃል፤ ቬንደሊንን ሰላም የማይሉት አሉ። ዛሬ ራድካ ዘንድ የምትገባ ሴት በሩ ሲዘጋላት ተዘጋ ነው፤ ወሬ አይወጣም። ምክሯን ሰምታ የምትወልደውም ትወልዳለች፣ የማትወልደውም በጤናዋ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ዳቦ ሻጩም ዳቦውን ይሸጣል። አገር የሚጠቀመው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሌላ ቀን እማማን ኬኩስ እንዴት ሆነ አልኳቸው።

«በላው» አሉ። «የሰጠሁት ግን ድምፁን ከሰጠ በኋላ ነው።»